ሳጥን አልሠራም

ሂርማታ ገበያ፣ ከሚስማር ቤት በላይ፣
ሦስት ወንበር፣ ሁለት ስክሪን፣ አንድ የሚያፈስ ሰማይ።
ከቆርቆሮው ሥር ባልዲ አለ፣ አምስተኛው ሠራተኛ፣
ጠብታ ሲቆጥር ያድራል፣ እኛ ሄደን ስንተኛ።

መብራት ሲመለስ እንደገና፣ ዓይኑን ሲገልጥ ኮምፒውተሩ፣
«አዲስ ሥሪት ደርሷል» አለን፣ እንደ ልማዱ፣ እንደ ግብሩ።
ሁለት ቁልፍ፤ አንዱ «አሁን»፣ አንዱ ደግሞ «ቆይቶ»፤
«ተዉኝ» የሚል ሦስተኛ የለም።
የሠራው ሰው አመላችንን ያውቃል፣ ሳያየን አጥንቶ።

እኔ «ቆይቶ» እያልኩ ስድስት ወር፣ እንደ ዕቁብ ሰብሳቢ ሸሸሁት፤
ዛሬ ግን አራታችንም አለን፤ ጥያቄውን መሐል አስቀመጥኩት።

ፉአድ ተነሣ። ጣቱ ነው ሁሌ፣ ከሐሳቡ የሚቀድም።
«ይጫን! የድሮው ይብቃን፤ ከስልክ ጋር አይራመድም።
እዩት ይሄን፣ ምስሉን ስባችሁ፣ በለቀቃችሁበት ያርፋል፣
ሰፊው ላይ ራሱ ይለጠጣል፣ ጠባቡ ላይ ራሱ ይታጠፋል።
ኮድ የለ፣ ቅንፍ የለ፣
ሌሊት ሙሉ ነጠላ ሰረዝ ፍለጋ የለ!»
ዓይኑ ሥር ያለው ጥቁረት፣ «እውነቱን ነው» አለ።

ሸምሲያ ጩኸቱ እስኪበርድ ጠብቃ፦
«እኔ ይህን መሣሪያ ያወቅሁት፣ አምፖል ስትንቀጠቀጥ ነው፤
መብራት ሊሄድ ሲል፣ ሳላይ፣ ‹አስቀምጥ›ን ጣቴ የሚያገኘው፣
ከላይ፣ በስተግራ፣ ከሦስተኛው ምልክት ጎን።
አሁን የት ወሰዱት?
ሳልጠራው ሰው ቤቴ ገብቶ፣
የጨው ዕቃዬን አዛውሮ ቢሄድ፣
እጁ ይባረክ ልበል፣ ላመስግን?»

ዳምጠው የሂሳብ ደብተሩን ዘጋ።
«የድሮውን አንዴ ገዛን፣ ተገላገልን።
ይሄኛው ኪራይ ነው፣ በወር በወር፣ ያውም በዶላር ተጠየቅን።
ከአዌቱ ወንዝ ዶላር ሲጠለቅ፣ ያያችሁ ለት ጥሩኝ፤
እስከዚያው ድረስ በእናታችሁ፣ ከዚህ ወሬ አውጡኝ።»

እኔ? እኔ ምንም አላልኩም።
ሠላሳ ቀን ነፃ ነው የሚል፣ በቀጭን ጽሑፍ አንብቤ፣
«አሁን»ን ተጫንኩ፣ ማንንም ሳላይ፣ ጉሮሮዬ ላይ ቆሞ ልቤ።

አሥራ ሁለት ከመቶ። አርባ።
ኔትወርኩ ሄደ። መጣ። አርባ አንድ።
ሲሞላ ማንም አላጨበጨበም።

የጣሃ ገጽ ተከፈተ።
አቤት ማማሩ!
ከበርጩማው እግር ሥር፣ ለስላሳ ጥላ ተዘርግቶ፣
የወንዛው ዥንጉርጉር፣ በእጅ የሚዳሰስ ያህል ጎልቶ።
ፊደሉ ግን የለም። በስሙ ቦታ፣ በጅማ ቦታ፣
ባዶ አራት ማዕዘን፣ ባዶ አራት ማዕዘን፣ የሳጥን ተርታ።

ጣሃ ራሱ ያን ሰዓት ገባ፣
ቅንድቡ ላይ ሰጋቱራ፣ ትከሻው ላይ ዝናብ።
ጎንበስ ብሎ ብዙ አየው።
«መልካም ነው» አለ። «ግን እኔ ሳጥን አልሠራም።
ማነው ሳጥን ይሸጣል ያላችሁ?
ባለ ሦስት እግር ነው የምጠርብ፣ ከአንድ ወጥ ግንድ፤
ቅጥያ የለው፣ ሚስማር የለው፣ አንድ።»

ፉአድ ሊስቅ ጀመረና፣ ሳቁ አፉ ውስጥ ቀረ።
ሸምሲያም «ብያችሁ ነበር» አላለች።
ወንበሯን ስባ፣ ፊደል በፊደል ትመልሰው ጀመር፤
«ጣ» መጣ፣ «ሃ» መጣ፣
«በርጩማ» በአራት ፊደል ቆመ።
«አንዱ ትርፍ ነው» አለ ጣሃ፤ «ለእኔ ሦስት ይበቃ ነበር።»

«ጅማ»ን ልትጀምር ስትል፣ አምፖሉ ሁለቴ ጠቀሰን።
እጇ ከእኛ ሁሉ ቀድሞ ሄደ፣
ከላይ፣ በስተግራ፣ ከሦስተኛው ምልክት ጎን።
እዚያ አሁን የቀለም ብሩሽ ነው የተቀመጠው።
ለአንድ ቅጽበት ገጹ ሁሉ፣
በርጩማው፣ ጥላው፣ የተመለሰው ፊደል፣
ለምለም አረንጓዴ ሆነ።
ከዚያ ጨለማ።

«ይሄኛውስ ምንድን ነው?» አለ ጣሃ።
ማንም አልመለሰም።
ባልዲው ብቻ
ቁጥሩን ካቆመበት ቀጠለ።